ሁለተኛው ርግጫ ለምን ያርፋል? ፦ የጥምር ጥቃት ሳይንስ በቴኳንዶ ግጥሚያ

በቴኳንዶ ማሠልጠኛ አዳራሽ ጥግ ቆሞ ልምምድ የሚከታተል ሰው አንድ እንግዳ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። ፈጣኑና ቀልጣፋው ወጣት አራት አምስት ርግጫ እያከታተለ ይሰነዝራል፤ ተጋጣሚው ግን አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እያለ፣ ክንዱንም ዝቅ ከፍ እያደረገ ሁሉንም ያከሽፍበታል። ቀጥሎ ወደ መሐል የሚገባው ሌላው ሠልጣኝ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ፍጥነቱም ይህን ያህል የማያስደንቅ ነው። ሁለት ርግጫ ብቻ ይሰነዝራል። የመጀመሪያው ተመከተ፤ ሁለተኛው ደረት ላይ ጧ ብሎ አረፈ። ታዛቢው "ዕድል ነው" ይል ይሆናል። ይሁን እንጂ ይኸው ሁለተኛ ርግጫ በሚቀጥለው ዙርም፣ ከዚያም በሚከተለው ደጋግሞ ሲያርፍ ስናይ ከዕድል ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ይለናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ምክንያት ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ርግጫዎችን ወይም እንቅስቃሴዎችን አያይዞ መሰንዘርን ጥምር ጥቃት እንለዋለን፤ አሠልጣኞች ኮምቢኔሽን የሚሉት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ጥምር ጥቃትን የርግጫ ብዛት አድርገው ይረዱታል። እኛ ግን ነገሩ ከብዛት ጋር እምብዛም ዝምድና እንደሌለው፣ ይልቁንም የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ለሁለተኛው ጊዜ፣ ርቀትና ሽክርክሪት የሚያበድርበት አንድ ወጥ ድርጊት መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ለዚህ የሚያስፈልገን የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ፣ ጥቂት የሥነ ልቦና እውቀትና አንድ ማስመሪያ ነው።

ስለ ጨዋታው ጥቂት ቃል

ቴኳንዶ በኮሪያ የዳበረ የፍልሚያ ጥበብ ሲሆን ስሙም እግርን፣ ቡጢንና መንገድን ከሚያመለክቱ ሦስት ቃላት የተሠራ ነው። በሀገራችንም በሁለት ዋና ዋና ስልቶች ይዘወተራል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን የሚመራው ስልት ሲሆን በውድድሩ በእጅ ወደ ፊት መምታት ይፈቀዳል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1973 በሴኡል የተቋቋመውና ከ2017 ወዲህ ዎርልድ ቴኳንዶ ተብሎ የሚጠራው ድርጅት የሚመራው የኦሊምፒክ ስልት ነው። በሴኡል 1988 እና በባርሴሎና 1992 ለትርዒት ከቀረበ በኋላ በሲድኒ 2000 ሙሉ የሜዳልያ ስፖርት ሆነ። በቶኪዮው ኦሊምፒክ (እ.ኤ.አ. በ2021 የተካሄደው) ሰሎሞን ቱፋ ከ58 ኪሎ ግራም በታች ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በዚህ ስልት ነው። የእኛም ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

ግጥሚያው እያንዳንዳቸው 2 ደቂቃ የሚቆዩ እስከ 3 የሚደርሱ ዙሮች አሉት፤ በመካከሉ 1 ደቂቃ እረፍት ይሰጣል። ከወገብ በታች መምታት፣ ፊትንም በቡጢ መምታት ክልክል ነው። በቶኪዮና በፓሪስ ኦሊምፒኮች በተሠራበት ደንብ መሠረት ደረት ላይ ያረፈ ቡጢ 1፣ ደረት ላይ ያረፈ ርግጫ 2፣ ራስ ላይ ያረፈ 3 ነጥብ ያስገኛል። ርግጫው ጀርባን አዙሮ በመሽከርከር ከተሰነዘረ ደግሞ ደረት ላይ 4፣ ራስ ላይ 5 ይሆናል። መውደቅ ያስቀጣል፤ ለተጋጣሚም 1 ነጥብ ይሰጣል። እነዚህን ቁጥሮች አንባቢ በአእምሮው እንዲይዛቸው እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ ላይ ትርጉማቸው ይገለጻል።

አንድ አምስተኛ ሰከንድ

ዓይን ያየውን ክንድ ወይም እግር እስኪመልሰው ድረስ ጊዜ ያልፋል። ብርሃን ከተጋጣሚው አካል ተነሥቶ ዓይናችን እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ጊዜው የሚያልቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሬቲና ብርሃኑን ወደ ነርቭ ምልክት ይለውጣል፤ አንጎል ምልክቱን ይተረጉማል፣ ምላሽም ይመርጣል፤ ትእዛዙ በሕብለ ሰረሰር አድርጎ ወደ ጡንቻ ይወርዳል፤ ጡንቻውም ይኮማተራል። አንድ አስቀድሞ ለታወቀ ምልክት አንድ አስቀድሞ የታወቀ ምላሽ ለመስጠት ጤነኛ ወጣት አንድ አምስተኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ይህ የአጸፋ ጊዜ ይባላል። ልብ ይበሉ፤ እስካሁን ክንዱ መንቀሳቀስ ጀመረ እንጂ የትም አልደረሰም።

አንባብያን ይህን በክፍላቸው ውስጥ መለካት ይችላሉ። ጓደኛዎ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ በአናቱ በኩል ይዞ ያንጠልጥል። እርስዎ አውራ ጣትዎንና አመልካች ጣትዎን ሳያስነኩ ከዜሮ ምልክቱ ትይዩ ያዘጋጁ። ጓደኛዎ ሳያስጠነቅቅ ይልቀቀው፤ እርስዎም ይያዙት። ማስመሪያው የወደቀበት ርቀት ግማሽ × 9.8 × የጊዜው ካሬ ስለሆነ ጊዜውን ማግኘት ቀላል ነው። በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ ከያዙት 0.20 ሰከንድ፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ከያዙት 0.25 ሰከንድ ፈጅቶብዎታል ማለት ነው።

አሁን ሙከራውን እናክብደው። ሁለት ረጃጅም ማስመሪያዎች፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ እጅዎ ትይዩ ይንጠልጠሉ። ጓደኛዎ የሚለቀው አንዱን ብቻ ነው፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አይነግርዎትም። እርስዎም የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ይያዙ፤ ሌላውን እጅ መጨበጥ አይፈቀድም። የሚያዝበት ቦታ ወደ ላይ ከፍ ማለቱን፣ ማለትም ጊዜው መርዘሙን ያያሉ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሂክ እ.ኤ.አ. በ1952፣ አሜሪካዊው ሬይ ሃይማን በ1953 ይህን በጥንቃቄ አጥንተው የአማራጮች ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር የአጸፋ ጊዜ በተቀራራቢ መጠን እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ስምንት፤ እያንዳንዱ እጥፍ የራሱን ቀረጥ ያስከፍላል።

ይህ በግጥሚያ ላይ ምን ማለት ነው? የዙር ርግጫን፣ በኮሪያኛ ስሙ ዶልዮ ቻጊን፣ እንውሰድ። ጥሩ ተፋላሚ ጉልበቱን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ያነሣል። (በፊዚክስ መጻሕፍት ጉልበት የሚለው ቃል ለሌላም ነገር ስለሚያገለግል፣ በዚህ ጽሑፍ ጉልበት ስንል የእግርን መታጠፊያ፣ ኃይል ስንል ግፊትና ጉተታን መሆኑ ይታወቅልን።) ጉልበቱ ሲነሣ ርግጫው ወደ ደረት ይሆናል፣ ወደ ራስ ይሆናል፣ ወይም እግሩ ሳይመታ ተመልሶ መሬት ይረግጣል። ለተመልካቹ ሦስቱም አንድ ናቸው። ጉልበቱን ለራስ ርግጫ ከፍ አድርጎ፣ ለደረት ዝቅ አድርጎ የሚያነሣ ጀማሪ ግን ምሥጢሩን አስቀድሞ ይናገራል፤ ተጋጣሚውን ከምርጫ ቀረጥ ነጻ ያወጣዋል።

ብድር የሚከፍለው ርቀት

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሁለት ተፋላሚዎች ሲቆሙ በመካከላቸው ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ርግጫ ከሚደርስበት ትንሽ ይበልጣል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ለማጥቃት የፈለገ በቅድሚያ መግባት፣ መንሸራተት ወይም መዝለል ይኖርበታል፤ መግባቱም ለተከላካዩ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

ለስሌት እንዲያመቸን የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ። እነዚህ የማንም ተፋላሚ ልኬት ሳይሆኑ ለምሳሌ የመረጥናቸው ናቸው። ለመግባት 0.25 ሰከንድ፣ እግሩ ከመሬት ተነሥቶ ዒላማውን እስኪመታ 0.30 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ተከላካዩ ደግሞ ምልክቱን አይቶ ምላሽ ለመምረጥ 0.25 ሰከንድ፣ ክንዱን ለማውረድ ወይም ወደ ኋላ ለመሸሽ 0.15 ሰከንድ፣ በድምሩ 0.40 ሰከንድ ያስፈልገዋል። ነጠላው ጥቃት ከመነሻው እስከ መድረሻው 0.55 ሰከንድ ስለሚፈጅ ተከላካዩ 0.15 ሰከንድ ይተርፈዋል። ርግጫውም ይመከታል። ያ ፈጣን ወጣት የተሸነፈው በዚህች ትርፍ ነው፤ እያንዳንዱን ርግጫ ከሩቅ ስለጀመረ ለእያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል።

ሁለተኛው ርግጫስ? አጥቂው አሁን ውስጥ ገብቷል፤ ተከላካዩም ካልሸሸ ርቀቱ ተዘግቷል። መግቢያው 0.25 ሰከንድ ከሒሳቡ ይሰረዛል፤ የቀረው ርግጫው ብቻ፣ 0.30 ሰከንድ ነው። ተከላካዩ የሚያስፈልገው ግን እንደ በፊቱ 0.40 ነው። ትርፉ ወደ 0.10 ሰከንድ ዕዳ ተለወጠ። አንባቢ እንደሚያስተውለው ሁለተኛው ርግጫ ከመጀመሪያው በአንዲት ሽራፊ እንኳ አልፈጠነም። የመንገዱን ዋጋ የመጀመሪያው ርግጫ ከፍሎለት ነው የሚያርፈው።

በዚህ ላይ የተከላካዩ አካል ሥራ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ለመመከት ክንዱን አውርዷል፤ ስለዚህ ከክንዱ በላይ ያለው ቦታ ተከፍቷል። ወይም ክብደቱን በኋላ እግሩ ላይ ጥሏል፤ ክብደት የተጫነበትን እግር ደግሞ ማንሣት አይቻልም። የመጀመሪያው ርግጫ ነጥብ ባያስገኝም የተጋጣሚውን ቀጣይ ምርጫ ያጠባል። ልምድ ያላቸው አሠልጣኞች "የመጀመሪያውን እንዲመክተው አድርገህ ርገጥ" የሚሉት ይህን ለማለት ይመስለናል፤ ለሰነፍ ሠልጣኝ ግን ይህ ምክር ጎጂ ነው። የማይደርስ፣ ማንንም የማያሰጋ የመጀመሪያ ርግጫ የሚመልስለት የለምና።

አንጎል በአንድ በር ብቻ ሲያስገባ

ከእውነተኛ ርግጫ ይልቅ በማስመሰል የሚጀመር ጥምር ጥቃትም አለ። ትከሻ ይወዛወዛል፣ የፊት ጉልበት በትንሹ ይነሣል፣ እግር መሬቱን ደቅ ያደርጋል። ተጋጣሚው ሲደነግጥ ወይም ምላሽ ሲጀምር እውነተኛው ርግጫ ይከተላል። እዚህ ላይ የሚሠራው ሕግ ካሁን በፊት ካየነው የተለየ ነው።

አሜሪካዊው ቻርልስ ቴልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው ጥናት ሁለት ምልክቶች በጣም ተቀራርበው ሲመጡ ለሁለተኛው የሚሰጠው ምላሽ ከወትሮው እንደሚዘገይ አመለከተ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች፣ በተለይም እንግሊዛዊው አለን ዌልፎርድ በ1952፣ ይህን ያብራሩት አንጎል ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ማየት ቢችልም ምላሽ የሚመርጠው ተራ በተራ ነው በማለት ነው። ባንድ መስኮት ብቻ የሚያስተናግድ የባንክ ቤት ሠራተኛን እናስብ። ከፊቱ ያለውን ደንበኛ ሳይጨርስ የሚቀጥለው ቢያንኳኳም፣ ቢጮህም መጠበቁ አይቀርም። የማስመሰያው እንቅስቃሴ የመጀመሪያው ደንበኛ ነው። መስኮቱን ይዞ ሳለ እውነተኛው ርግጫ ይመጣል።

ነገር ግን ጊዜው ልክ መሆን አለበት። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች እጅግ ከተጠጋጉ አንጎል እንደ አንድ ምልክት ቆጥሮ አንድ ምላሽ ይሰጣል፤ ማስመሰሉም ከንቱ ይሆናል። እጅግ ከተራራቁ ደግሞ መስኮቱ ነጻ ወጥቶ ይጠብቃል። ጠቃሚው ክልል በሁለቱ መካከል ያለች፣ ከሰከንድ አንድ ሦስተኛ የማትበልጥ ጠባብ ጊዜ ናት። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት በመዘግየት ነው፤ አስመስለው ይቆማሉ፣ ውጤቱን ያያሉ፣ ከዚያ ይረግጣሉ። የሚያዩት ሁሉ ግን ለተጋጣሚያቸውም ጊዜ ሰጥቶታል።

በረጃጅሞቹ ማስመሪያዎች ይህንንም መሞከር ይቻላል። ጓደኛዎ የግራውን ለቅቆ ወዲያው፣ አንድ እንኳ ለመባል ሳይደርስ፣ የቀኙን ይልቀቅ። ሁለቱንም ለመያዝ ይሞክሩ። የቀኙ ምን ያህል እንዳመለጠዎት ለጓደኛዎ ይንገሩት፤ ያመልጥዎታልና።

ዳሌ ወዴት ይዞራል?

እስካሁን የተመለከትነው የተከላካዩን ጭንቀት ነበር። አጥቂውም የራሱ አለው። የሰው እግር ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ እግር ከጭን እስከ ጣት ከሰውነት መጠነ ቁስ 16 በመቶ ገደማ ይይዛል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተፋላሚ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ነገር ወርውሮ፣ አስቁሞ፣ እንደገና መወርወር ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ የቆመው በአንድ እግሩ ነው።

እግርን ለማዞር የሚያስቸግረው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ከማዞሪያው ምን ያህል እንደራቀ ነው። ይህ ለመሽከርከር የሚታይ እምቢታ ከርቀቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ስለዚህ ጉልበቱን አጥፎ ቅልጥሙንና እግሩን ወደ ዳሌው ያቀረበ ሰው፣ ርቀቱን በግማሽ ከቀነሰ የእነዚህን ክፍሎች እምቢታ ወደ ሩብ ያወርዳል። ርግጫ በቅድሚያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ቅልጥም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከመታ በኋላም እግሩን አጥፎ መመለስ ለውበት የተጨመረ ሥርዓት አይደለም፤ የታጠፈ እግር ለቀጣዩ እንቅስቃሴ የቀለለ እግር ነው። እግሩን ዘርግቶ እንደ በትር የሚጥል ሠልጣኝ ሁለተኛ ርግጫ ለመጀመር የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ዋናውን ነጥብ እናንሣ። ተፋላሚው ግራ እግሩን ከፊት አድርጎ ቆሟል። በኋለኛው ቀኝ እግሩ ዶልዮ ቻጊ ሲሰነዝር ዳሌው ከላይ ሲታይ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ማለትም ወደ ግራው ይዞራል። እግሩ ከፊት ሲያርፍ ቀኙ የፊት፣ ግራው የኋላ እግር ሆነዋል። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለው።

አንደኛው በግራ እግሩ ሌላ ዶልዮ ቻጊ መሰንዘር ነው። ለዚህ ዳሌው ወደ ቀኝ መዞር አለበት፤ ማለትም የጀመረው ሽክርክሪት ቆሞ መገልበጥ ይኖርበታል። ይህ ኪሳራ ይመስላል። ነገር ግን ዳሌ ሲዞር የሆድና የወገብ ጡንቻዎች እንደ ላስቲክ ይለጠጣሉ፤ ተለጥጦ ወዲያው የተኮማተረ ጡንቻ ደግሞ ከዕረፍት ከተነሣው የበለጠ ኃይል ያወጣል። "ወዲያው" የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። በሁለቱ ርግጫዎች መካከል ዕረፍት ከገባ የተጠራቀመው አቅም ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። አሠልጣኞች እግሩ መሬት ሲነካ "ጋለ ምጣድ ላይ እንዳረፈ" እንዲነሣ የሚፈልጉት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የተጀመረውን ሽክርክሪት መቀጠል ነው። በዚያው ወደ ግራ እየዞረ ጀርባውን ለተጋጣሚው ይሰጥና በግራ ተረከዙ ወደ ኋላ ይረግጣል፤ ይህ ድዊት ቻጊ ነው። እዚህ ማቆምም መገልበጥም የለም። የመጀመሪያው ርግጫ የፈጠረው የሽክርክሪት ሞመንተም በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ይተላለፋል። ዶልዮ ቻጊ በድዊት ቻጊ መከተሉ በብዙ የማሠልጠኛ አዳራሾች ከሚሰጡት የመጀመሪያ ጥምሮች አንዱ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከላይ የጠቀስናቸውን ቁጥሮች ስናስታውስም ይህ ጥምር በ2 ነጥብ ጀምሮ በ4 ነጥብ ይጨርሳል።

ዋጋውስ? ጀርባ በሚዞርበት ቅጽበት ዓይን ተጋጣሚውን ያጣዋል። ስለዚህ ራስ ከትከሻ ቀድሞ ይዞራል፤ ዓይን ዒላማውን እንደገና ሲያገኝ ዳሌ ይከተላል። ራሱን ከትከሻው ጋር አንድ ላይ የሚያዞር ሰው በድፍረት ይረግጣል እንጂ አያነጣጥርም።

የሚዞር ርግጫ ምን ያህል ውድ እንደሆነ የአፍሪካ ስፖርት ወዳዶች አይረሱትም። በሪዮ 2016 ከ80 ኪሎ በታች የፍጻሜ ግጥሚያ የኮት ዲቯሩ ሼክ ሳላህ ሲሴ በመጨረሻዋ ቅጽበት በብሪታንያዊው ሉታሎ መሐመድ ራስ ላይ ባሳረፈው ተሽከርካሪ ርግጫ 6 ለ 4 ከመመራት ተነሥቶ 8 ለ 6 አሸንፏል። ለሀገሩም የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኝቷል። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ ይህ ርግጫ 4 ነጥብ ነበረው።

በአየር ላይ የሚሠራ ጥምርም እንዳለ ሳናነሣ አናልፍም። ናሬ ቻጊ የሚባለው ድርብ ርግጫ የመጀመሪያው እግር መሬት ሳይነካ ሁለተኛው የሚሰነዘርበት ነው። በአየር ላይ ያለ አካል የሚገፋው መሬት ስለሌለ አጠቃላይ የሽክርክሪት ሞመንተሙን መለወጥ አይችልም። ታዲያ ሁለተኛው እግር በምን ይወረወራል? የመጀመሪያው በኃይል ወደ ኋላ ሲሳብ ሌላው ወደ ፊት ይሄዳል፤ እንደ መቀስ ሁለት ስለት። የመጀመሪያውን እግሩን በሰነፍነት የሚመልስ፣ በሁለተኛው የሚመታበት ምንም ነገር አይኖረውም።

ሰደርያው ጨዋታውን ሲለውጠው

የርግጫ ጥምሮች በፊዚክስ ብቻ አይወሰኑም፤ የሚቆጥራቸው ማን እንደሆነም ይወስናቸዋል። ድሮ የማዕዘን ዳኞች በእጃቸው የያዙትን ቁልፍ በመጫን ነጥብ ይሰጡ ነበር። ዳኛ ሰው ነው፤ ድምፅ ይሰማል፣ የተመታው ወደ ኋላ ሲንገዳገድ ያያል። በዚህም የተነሣ ጥምር ጥቃት በከባድ የኋላ እግር ርግጫ እንዲደመደም ይፈለግ ነበር። በለንደን 2012 ኤሌክትሮኒክ የደረት መከላከያ በኦሊምፒክ ሥራ ላይ ዋለ፤ በሪዮ 2016 የራስ መከላከያውም ተከተለ። ሰደርያው በተፋላሚው ልዩ ካልሲ መነካቱንና የምቱ ኃይል ለክብደት ምድቡ ከተወሰነው መጠን ማለፉን ብቻ ይመዘግባል። ጩኸት አይሰማም።

ተፋላሚዎች ይህን ለመረዳት ብዙ አልፈጀባቸውም። የፊት እግራቸውን ከመሬት አንሥተው በአየር ላይ እንደ ጎራዴ መፋለም ጀመሩ። ጥምሩም ተለወጠ፤ በፊት እግር ተጋጣሚን ገትቶ፣ እግሩን ሳያሳርፉ በዚያው እግር ወደ ራስ መርገጥ። በስሌታችን መሠረት ይህ እጅግ ብልህ ነው። ጭኑ ከፍ እንዳለ ስለሚቆይ የሚወዛወዘው ቅልጥምና እግር ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ከሰውነት መጠነ ቁስ 6 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆኑ ጊዜው ያጥራል። ለዓይን ግን ደስ አይልም። ብዙ የቀድሞ ተፋላሚዎች ተማረሩ፤ እኛም ቅሬታቸውን በከፊል እንጋራለን። ዎርልድ ቴኳንዶም በሪዮ 1 ነጥብ የነበረውን የደረት ርግጫ በቶኪዮ 2፣ 3 ነጥብ የነበረውን የደረት ተሽከርካሪ ርግጫ 4 ማድረጉ ትላልቅ እንቅስቃሴዎችን ለማበረታታት እንደረዳ ይታመናል። የሆነ ሆኖ አጫጭሩ የፊት እግር ጥምር አልጠፋም፤ ሒሳቡ ከእርሱ ጋር ነውና።

በመካከል ያለችው ክፍተት

እስካሁን የተነገረው ሁሉ አጥቂውን የሚያበረታታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመጀመሪያውና በሁለተኛው ርግጫ መካከል አጥቂው በአንድ እግሩ የቆመባት፣ የክብደት ማዕከሉ ከአንዲት የእግር መዳፍ በላይ የተንጠለጠለባት ክፍተት አለች። በዚያች ቅጽበት ማፈግፈግ አይችልም። ብልህ ተከላካይ የመጀመሪያውን ርግጫ ለመመከት አይጨነቅም፤ በትንሹ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ያቺን ክፍተት ይጠብቃል። በአቴንስ 2004 የከባድ ሚዛን ፍጻሜ ላይ የኮሪያው ሙን ዴ-ሱንግ ግሪካዊውን አሌክሳንድሮስ ኒኮላይዲስን በገዛ ሀገሩ ሕዝብ ፊት በመጀመሪያው ዙር በአንድ ተሽከርካሪ ርግጫ በዝረራ አሸንፎታል። ለወርቅ አንድ ርግጫ በቃ።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። እግሩ በሰከንድ 12 ሜትር የሚጓዝ ርግጫ ቆሞ የሚጠብቅን ሰው ሲመታ አንድ ነገር ነው። የሚመታው ሰው በራሱ ጥቃት ምክንያት በሰከንድ 2 ሜትር ወደ ፊት እየመጣ ከሆነ ግን የግጭቱ አንጻራዊ ፍጥነት 14 ይሆናል። አቅም ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ 14 በ12 ተካፍሎ በካሬ ሲሰላ 1.36 ይወጣል፤ በ36 በመቶ የከበደ ምት ማለት ነው። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ክንዱን ጥሎ የሚያጠቃ ጀማሪ ይህን ጭማሪ የሚቀበለው በራሱ ላይ ነው። የራስ መከላከያ የራስ ቅልን ከመሰንጠቅ ያድናል እንጂ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንዳይናጥ አያደርግም። ስለዚህ ጥምር ጥቃትን የሚያስተምር ሰው ክንድ ወደ አገጭ መመለሱን ከርግጫው እኩል ሊከታተለው ይገባል። ምት ከተቀበለ በኋላ ራሱን ያዞረው፣ ያደናገረው ወይም ያስታወከው ሠልጣኝ በዚያ ቀን ወደ ልምምድ አይመለስም፤ በሐኪም ሳይታይም ወደ ፍልሚያ አይገባም። ይህ ለድርድር የሚቀርብ ነገር አይደለም።

ሌላው ዋጋ ድካም ነው። ጥምር ጥቃት ከአንድ ሁለት ሰከንድ የማያልፍ ፍንዳታ ስለሆነ ጡንቻ የሚጠቀመው በውስጡ ያከማቸውን ክሬቲን ፎስፌት ነው። ክምችቱ በዕረፍት ጊዜ የሚታደሰው በኦክስጅን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ከቆላ የመጣ ሠልጣኝ በሦስተኛው ዙር ጥምሮቹ እየተፈረካከሱ ቢያገኛቸው ከስንፍና አይቁጠረው። የመጀመሪያው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የጉልበት ዝቅ ማለት ነው። ጉልበት ሲወርድ እግር ይዘረጋል፣ የተዘረጋ እግር ይከብዳል፣ የከበደ እግር ይዘገያል፤ ከላይ ያሰላናት 0.10 ሰከንድም ትጠፋለች።

በልምምድ ላይ

በብዙ አዳራሾች ጥምር ጥቃት የሚሠለጠነው ቋሚ መምቻ ፊት ነው። ያዢው መምቻውን አስተካክሎ ይይዛል፤ ሠልጣኙ አንድ ሁለት ብሎ ይረግጣል። ለጡንቻና ለሚዛን ጥሩ ነው። ነገር ግን መምቻ አይመክትም፣ አይሸሽም፣ አይመልስም። መቶ ጊዜ ያለ ጥያቄ ሁለተኛውን ርግጫ የሰነዘረ ሠልጣኝ በግጥሚያ ላይም ተጋጣሚው ከሄደ በኋላ አየር ይረግጣል። እኛ የምንመርጠው እንዲህ ነው፦ ያዢው ሁለት መምቻ ይያዝ፤ አንዱን ለመጀመሪያው ርግጫ ያሳይ፤ ሁለተኛውን ግን የመጀመሪያው ሲያርፍ ብቻ፣ አንድ ጊዜ በደረት ትይዩ፣ አንድ ጊዜ በራስ ትይዩ ያውጣ። ከአምስት አንድ ጊዜ ደግሞ ጨርሶ አያውጣው፤ በምትኩ ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ይግባ። በዚያን ጊዜ ሠልጣኙ ሁለተኛውን ርግጫ ሳይሰነዝር እግሩን አጥፎ መሬት ማሳረፍና ክንዱን ከፍ አድርጎ መውጣት ይኖርበታል። በመጀመሪያው ሳምንት ከሞላ ጎደል ሁሉም ባዶ አየር ይረግጣሉ።